ከገጽ አሥራ አንድ ያላለፈው ክፍል

አንድ የተማረ ሰው ነበረ፤ የተማረውም ጎልማሶችን ማስተማር ነበር።

መምህር አጥናፉ እንዲህ ብለው ሲጀምሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኑረው ነበር። መነጽር ያወለቁ ዕለት ትዕግሥታቸው ወደ ማለቁ መሆኑን ተማሪዎቻቸው ሁሉ ያውቃሉ። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ናቸው። በጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይማራሉ፤ ሁሉም ሥራና ቤተሰብ ያላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየከተማቸው በሚኒባስ ተሳፍረው የሚመጡ ናቸው።

ጥያቄውን ያነሣው ይርዳው ነው። ይርዳው አሥራ ሦስት ዓመት ርእሰ መምህር ሆኖ የሠራ፣ ከዘጠኙም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ንግግሩን ሁሉ «በመጀመሪያ ደረጃ» ብሎ የሚከፍት ሰው ነው። የጠየቀውም ስለ አርባው ቀን ነበር። የትምህርት ክፍሉ ደንብ ማንም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አርባ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አንድ የጎልማሶች መማሪያ ክፍል ሄዶ ከተማሪዎቹ ጋር የኋላ አግዳሚ ላይ እንዲቀመጥ ያዛል። አያስተምርም፣ አያርምም። ይቀመጣል።

«በመጀመሪያ ደረጃ» አለ ይርዳው፣ «ኮርሱን በሙሉ ጨርሻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌም ተጠርዞ ገብቷል። መምህር፣ ፊደል ካልቆጠሩ ሰዎች ጋር አርባ ቀን አግዳሚ ላይ መዋሌ ምን ይጨምርልኛል? ያላነበብኩት ምን ነገር አለ እዚያ?»

በዚያ ወር ይህን የጠየቀ አራተኛው ሰው መሆኑ ነው። ሦስቱ የጠየቁት በደብዳቤ ነበር፤ አንደኛው ደብዳቤ ክብ ማኅተም ነበረበት።

መምህሩ ታሪኩን ቀጠሉ።

ይህ የተማረ ሰው በአንዲት የቆላ ከተማ ጎልማሶችን ፊደል ያስቆጥር ነበር። ክፍሉ የገበሬዎች ማኅበር አሮጌ መጋዘን ነው፤ ሰሊጡ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው አልወጣም። ተማሪዎቹ ሃያ ሁለት ነበሩ፤ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ ጉሊት ቸርቻሪዎች፣ አንድ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ ቆዳ ነጋዴ። በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡት የከተማዋ የእድር ዳኛ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያች ከተማ እሳቸው ያልመረቁት ሠርግ፣ እሳቸው ያልቆሙበት ቀብር አልነበረም።

ሰውየው ጥሩ አስተዳደግ ነበረው። ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን የሚታጠበው፣ ሸንጎ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚናገረው ማን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ትምህርት ሲጀመር ከሁሉ በፊት ወደ ጥቁር ሰሌዳው የሚጠራው ሽማግሌውን ነበር። «አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ይነሣሉ። ክፍሉም አብሮ ይነሣል። «ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ» ይላሉ። ክፍሉ ይቀመጣል። በዚህ ብቻ አምስት ደቂቃ ይሄዳል።

የማንበቢያው መጽሐፍ እስከ ገጽ አሥር በሰላም ሄደ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ የአንዲት ላም ሥዕል ነበረች፤ ከሥሯ አራት መስመር ጽሑፍ አለ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን መስመር አነበቡና ሁለተኛው ላይ ቆሙ። በማግሥቱም እዚያው ቆሙ። መምህሩ ከእሳቸው ቀጥሎ ድንጋይ ጠራቢውን ጠራ፤ ድንጋይ ጠራቢው ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመ። ቆዳ ነጋዴውን ጠራ፤ ቆዳ ነጋዴውም እዚያው ላይ ቆመ። ጉሊት ቸርቻሪዎቹም ተራ በተራ እየወጡ አንደኛውን መስመር ጥርት አድርገው አንብበው ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ወር አለፈ። ሰባት ወር አለፈ። ሃያ ሁለት ሰው ላሚቱን እያየ ቆመ።

ሰውየው ተጨነቀ፤ የእኛ ሙያ ሰው ሲጨነቅ የሚያደርገውንም አደረገ። ሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገበ።

እሱ ለትምህርት ሲሄድ ሌላ ሰው ተተካ። የተተካውም ሰው ጥሩ አስተዳደግ ነበረው። ስለዚህ ክፍሉ ከገጽ አሥራ አንድ ሳይነቃነቅ ጠበቀ።

ሰውየው የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በራሱ ክፍል ላይ ነው። ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ ሃያ ሁለት ስም፣ ሃያ ሁለት ዕድሜ፣ ሁሉም አንድ ገጽ፣ ሁሉም አንድ መስመር። ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ አዲስ ነገር ለመቀበል ይደነድናል ብሎ ደመደመ። የሃያ አራት ዓመት ሴትና የሰባ ዓመት ሽማግሌ እኩል የሚደነድኑት እንዴት ሆኖ እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ይርዳው እዚህ ላይ አቋረጣቸው። «ስንት አገኘ?»

«እጅግ በጣም ጥሩ» አሉ መምህር አጥናፉ። «የመረጃው ወጥነት ተመሰገነለት። ከፈታኞቹ አንዱ እኔ ነበርኩ።»

አንድ ሁለት ተማሪዎች ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም።

እሺ። ከሃያ ሁለቱ ተማሪዎች አንዷ የእድሩ ዳኛ ምራት ነበረች። የሽማግሌውን ሁለተኛ ልጅ አግብታ በእሳቸው ግቢ ትኖራለች። ቀን ቀን ለኮብልስቶን መንገድ ድንጋይ ትጠርባለች፤ ከጠረባው ስትመለስ እጇን ታጥባ ክፍል ትገባለች። ከዓመታት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ መንገድ ላይ ወልዳዋለች፤ መንገድ ላይም ሞቶባታል።

ሰውየው ዲግሪውን ይዞ በተመለሰበት ክረምት መግቢያ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ከፈተ። መውለጃቸው የደረሰ የሩቅ ገጠር ሴቶች መጥተው የሚቆዩበት ቤት ነው። ቤቱን የምትይዝ፣ የእናቶቹን ካርድ የምታነብ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምትሰጥ አንዲት ሴት አስፈለገች። ነርሷ ወደ መጋዘኑ መጣችና ሳትቀመጥ ተናገረች። «ከዛሬ አራት ሳምንት፣ ሐሙስ እመጣለሁ። ከእናንተ መካከል አራት መስመር ሳትቆም የምታነብ ሴት ካለች እሷን እወስዳለሁ። ከሌለች ከጎረቤት ቀበሌ እወስዳለሁ።»

ምራቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ያን ሥራ የእሷን ያህል የፈለገው ሰው በከተማዋ አልነበረም፤ እሷ ግን ምንም አላለችም። ሰውየውም ሃያ ሁለቱን ተማሪዎች አየና ለነርሷ አዘነላት።

በማግሥቱ ዝናብ ጣለ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተበስቶ ኖሮ ውኃው በቀጥታ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ወረደ። ሰውየው ማስታወሻውን ሰብስቦ መቀመጫ ቢፈልግ ደረቅ ቦታ ያገኘው በኋላው አግዳሚ ጫፍ ብቻ ነው፤ ከምራቲቱና ከቆዳ ነጋዴው ኋላ። እዚያው ተቀምጦ «አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ። ሽማግሌው ወጡ፤ ጀርባቸውን ለክፍሉ፣ ፊታቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ። ሁለተኛው ላይ ቆሙ።

ያን ጊዜ ሰውየው ከፊቱ የሚንሾካሾክ ነገር ሰማ። ምራቲቱ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ሁለተኛውን መስመር አነበበች፤ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አነበበች። ከዚያ ጭኗ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ገለጠች። ሰውየው በትከሻዋ ላይ አጮልቆ ቢያይ ገጽ አርባ ላይ ናት። አንድ ቃል ስትስት ቆዳ ነጋዴው አንገቱን ሳያዞር «እሱ እንኳ አይደለም፣ ደግመሽ እዪው» አላት። ከፊታቸው ያሉትም ይንሾካሾካሉ። ዝናቡ ከብዶ መስሎት የነበረው ድምፅ ግማሹ የንባብ ነበር።

ተማሪዎቹ ሲበተኑ ሰውየው ምራቲቱን አስቀራት።

«አንቺ ታነቢያለሽ።»

«አላነብም፣ ጋሼ።»

«አሁን ሰማሁሽ እኮ።»

«እሱ ለራሴ ነው። ለራስ የሚሉት ማንበብ ይባላል?»

«እና ነገ ሰሌዳው ላይ ለምን አታነቢም?»

ሴትየዋ እንደ ሞኝ አየችው። «አባባ ሳያልፉት? እሳቸው የቆሙበትን እኔ ምራታቸው ዘልዬ ልሄድ? ከዚያስ ተመልሼ የምገባው የማን ቤት ነው?»

ይህን የሰማ ሰው ምን ማድረግ ነበረበት? ሰውየው ግን አዲሱን ዲግሪውን አሰበ። በዲግሪው ውስጥ ስለ እኩል ተሳትፎ አንድ ሙሉ ኮርስ ነበር። በማግሥቱ አግዳሚዎቹን በክብ ደረደራቸው። ግድግዳው ላይ «በዚህ ክፍል ሁላችንም እኩል ነን» ብሎ በትልቁ ጻፈና ለጠፈ። ቀድሞ ሽማግሌው ሲቆሙ ጀርባቸውን ብቻ ያይ የነበረው ክፍል አሁን ፊታቸውን እያየ ተቀመጠ። መንሾካሾኩም ቆመ፤ በክብ የተቀመጠ ሰው ከንፈሩን የሚሸሽግበት የለም። ሰውየው ይባስ ብሎ ሽማግሌውን ዘለለና ምራቲቱን በስሟ ጠራ። ምራቲቱ ተነሣች። አንደኛውን መስመር እንኳ አላነበበችም። ነጠላዋን ይዛ ቆመች፣ ቆመች፣ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ከሃያ ሁለቱ ስምንት ሰው መጣ። ቆዳ ነጋዴው ከስምንቱ አንዱ ነበር። «እኔ የመጣሁት ቀልዱ እንዳያመልጠኝ ነው» አለው ለመምህሩ።

አራቱ ሳምንት አለቀና ሐሙስ ደረሰ። ነርሷ እንደምትመጣ ስለተነገረ ክፍሉ ሞላ። አግዳሚዎቹን ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ወደ ቀድሞ ቦታቸው መልሷቸዋል። ነርሷ በር ላይ ወንበር ተሰጣት፤ ደብተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። ሰውየው ያወቀው ሁሉ ጠፍቶበት፣ የቀረው አስተዳደጉ ብቻ ነበርና «አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ።

ሽማግሌው ተነሡ። ክፍሉም ተነሣ። ወደ ሰሌዳው ሄዱ፤ ግን ፊታቸውን ለሰሌዳው አልሰጡም። ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«ልጆቼ» አሉ፣ «እኔ ይችን ላም አላልፋትም። ከእንግዲህም የማልፋት አይመስለኝም። እናንተ ግን ካለፋችኋት ቆይታችኋል። እዚህ ቆሜ ጀርባዬን ስሰጣችሁ የምትሉትን እሰማለሁ። ማንበብ ነው ያቃተኝ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ምርኩዛቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«ብቀር ሁላችሁም ትቀራላችሁ ብዬ መጣሁ። ብመጣም ያው ሆነ።»

ይህን ብለው በአግዳሚዎቹ መካከል አልፈው ወደ ኋላ ሄዱ፤ ከምራታቸው ጎን ተቀመጡና ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«ልጄ፣ ውኃ አቀብዪኝ ስልሽ እምቢ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይችን ገጽ አንብቢልኝ። እኔ አልቻልኳትም፤ አንቺ አንብቢልኝ።»

እዚህ ላይ መምህር አጥናፉ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞር አሉ። ከዚያ፣ በዚያ አገር በሽማግሌ ፊት ቀድሞ ማንበብ ድፍረት ነው፣ ለሽማግሌ ማንበብ ግን መታዘዝ ነው አሉ። አራቱ መስመር ያው አራት መስመር ናቸው። ሽማግሌው የቀየሩት መጽሐፉን አይደለም፣ ወንበሩንም አይደለም፤ ንባቡ ለማን እንደሆነ ብቻ ነው የቀየሩት።

ምራቲቱ ተነሥታ አነበበች። አራቱን መስመር ሳትቆም አነበበችና ቀና አለች።

«ይበቃኛል» አለች ነርሷ።

«ለእኔ አልበቃኝም» አሉ ሽማግሌው። «ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ገጽ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። ጉሮሮዋ ሲደርቅ ሽማግሌው ወደ ቆዳ ነጋዴው ዞሩ። «አንተስ ምን ትጠብቃለህ? ይህን ሁሉ ዘመን በጆሮዬ ስር ስታጉተመትም አልነበር?» ቆዳ ነጋዴው ሳቀና መጽሐፉን ተቀበላት። መጽሐፉ ከእሱ ወደ ድንጋይ ጠራቢው፣ ከዚያ ወደ ጉሊት ቸርቻሪዎቹ ሄደ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ነርሷ የምራቲቱን ስም ጻፈች፤ ሰኞ ዕለት ምራቲቱ የማቆያውን ቁልፍ ተቀበለች።

«ሰውየውስ?» አለ ይርዳው።

ሰውየው ሪፖርት ጻፈ። የወንበር አቀማመጥን ወደ ክብ መለወጥ፣ ከሦስት ሳምንት መዘግየት በኋላም ቢሆን፣ ከፍተኛ የንባብ መሻሻል እንደሚያስከትል አስረዳ። ሪፖርቱ በአንድ ዐውደ ጥናት ላይ ቀረበ፤ ተጨበጨበለት። ዛሬ በዚያ አካባቢ ባሉ መጋዘኖች ሁሉ አግዳሚዎች በክብ ተደርድረዋል፤ ጎልማሶቹም እየተያዩ ዝም ብለዋል።

መምህር አጥናፉ ከጠረጴዛው ኋላ ወጥተው ይርዳው ፊት ቆሙ።

«ሰውየው አንተ እንደሆንክ ገምተህ ተቀይመሃል፤ ፊትህ ይናገራል። አይደለህም። በዚህ ክፍል ሰውየው እኔ ነኝ። ጥያቄ ስጠይቅ ዓይኔ መጀመሪያ ወዳንተ ይሄዳል። ርእሰ መምህር ነህ፣ ታላቅ ነህ፣ እኔም ጥሩ አስተዳደግ አለኝ። አንተም አታሳፍረኝም፤ በመጀመሪያ ደረጃ ብለህ ትመልሳለህ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። እዚያ ጥግ የተቀመጠችውን ወይዘሮ ጥሩዓለምን ተመልከት። በአንተ ትምህርት ቤት፣ በአንተ ሥር የምታስተምር ናት። ድምፅዋን የማውቀው ስም ስጠራ ‹አቤት› ስትል ብቻ ነው። ዓይን አፋር ናት ብዬ ነበር፤ ስለ እሷ በጻፍኩት ግምገማም ላይ እንደዚያው ብያለሁ። ከእሷ ቀጥሎ ስላለውም ያልኩት ያንኑ ነው። የመረጃዬ ወጥነት ያስመሰግናል።

«አንተ የእድሩ ዳኛ ነህ፣ ይርዳው። ክፍሉ የቆመው አንተ በቆምክበት ነው። ክፋት የለብህም፤ እሳቸውም አልነበረባቸውም። የሚለያችሁ፣ እሳቸው ፊታቸው ወደ ሰሌዳ ሆኖ ከኋላቸው ያለውን ይሰሙ ነበር። ይህን በኮርስ ልሰጥህ አልችልም። እኔም የለኝም፤ ያለው መምህር ቢሆን ያን የመመረቂያ ጽሑፍ አያሳልፈውም ነበር። የየክፍላችሁን ጣራ እየዞርኩ እንዳልበሳ ጉልበቱ የለኝም፤ ስለዚህ አርባ ቀን አልኩ። አርባ ቀን የምትቀመጠው ፊደል ካልቆጠሩ ሰዎች ጋር መስሎሃል። የምትቀመጠው አንተን የመሰለ ሰው ፊት ለፊት ስለቆመ ብቻ ዝም ካሉ ሰዎች ጋር ነው። ስትቀመጥ የሚሉትን ትሰማለህ። ያላነበብከው እሱ ነው።»

ይርዳው እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ወንበሩን ወደ ጥጉ አዞረ።

«ጥሩዓለም» አለ፤ የሚቀጥለውን ቃል የሚፈልግ ይመስል ነበር። «ይህ አርባ ቀን የሚሉት ነገር ምን እንደሚመስል፣ እኔ አላውቀውምና እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»

ሴትየዋ መጀመሪያ መምህሩን አየች፤ ከዚያ አለቃዋን አየች።

«እኔ ጨርሼዋለሁ፣ ጋሼ» አለች። «ባለፈው ወር ነው የጨረስኩት። እርስዎ ሳይጀምሩ የማጠናቀቂያ ወረቀቱን ማስገባት ስለከበደኝ ነው ቦርሳዬ ውስጥ የተቀመጠው።»